መስከረም ሲጠባ ልጆቹን ማን ይቀበላል?

ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማት ምናምን ስትጽፉ ትከርሙና ልክ የደብተርና የዩኒፎርም ወሬ ሲጀመር "ልጆቼን ማን ጋር ልተዋቸው" ይመጣል። ከደረሱኝ ውስጥ ሶስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያዋን ሰፋ አድርጌ ነው የመለስኩት ምክንያቱም እሷ ያነሳችውን ነገር ብዙዎቻችሁ በተለያየ አነጋገር ጠይቃችሁኛል።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን ሰነበትሽ፣ አምድሽን ሁሌ ነው የማነበው። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፣ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ መስሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ፊልድ ይበዛበታል። ትልቁ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ነው ትንሿ ደግሞ ኬጂ ልትጀምር ነው፣ ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ናቸው 9 ሰዓት ተኩል ይለቀቃሉ። እኔ 11 ተኩል ወጥቼ በዚያ ትራፊክ ከ12 ተኩል በፊት ቤት ደርሼ አላውቅም፣ ዝናብ ከጣለማ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሶስት ዓመት አብራን የቆየች ሰራተኛ ስላለችኝ እስካሁን ሀሳብ የለብኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ማታ ትምህርት ልመዘገብ ነው 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለብኝ አለችኝ፣ በዚያ ላይ ለመስቀል ወልቂጤ ወላጆቿ ጋር ትሄዳለች፣ ትምህርት በተከፈተ ማግስት በይው! በጣም ነው የተናደድኩት። ደላላ ጋ ደውዬ ነበር፣ አማቴ ደግሞ ከገጠር የ13 ዓመት የዘመድ ልጅ ላምጣልሽ እየተማረች ታግዝሻለች እያለችኝ ነው። ላሰናብታት ወይስ ምን ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ አታሰናብቻት። ሶስት ዓመት ከልጆችሽ ጋር የኖረች ሰው፣ ትንሿ ምን ስትበላ እንደሚያማት ትልቁ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሰው፣ በመስከረም መጀመሪያ ደላላ ከሚያመጣልሽ ከማንም ጋር አትወዳደርም። ደግሞ እኮ ነግራሻለች! በነሐሴ ነው የነገረችሽ። ስንቷ ናት ለመስቀል ብላ ወጥታ በዚያው የምትቀር፣ ስልኳን ስትደውዪ የሚዘጋ። ያንቺዋ ቁጭ ብላ ፕሮግራሟን አስረዳችሽ፣ እንደሷ ዓይነት ሰው ከተማ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

አሁን ንዴቱን ትተን ሰዓቱን እንቁጠር። ልጆቹ 9 ተኩል ይለቀቃሉ፣ በሰርቪስ ከሆነ 10 ሰዓት አካባቢ ቤት ናቸው። ልጅቷ እስከ 11 አለች። አንቺ ደግሞ 12 ተኩል ትደርሻለሽ፣ ዝናብ ሲሆን አንድ ሰዓት። ስለዚህ ያጣሽው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ለዚህች ሁለት ሰዓት ብለሽ ቀኑን ሙሉ የምትሰራ አዲስ ሰው ልትቀጥሪ፣ አዲስ ፀባይ ልትለምጂ፣ ኬጂ የምትጀምረውን ልጅ በዚያው ሳምንት ከምታውቃት ሞግዚት ልትለያት ነው የተነሳሽው። ለሁለት ሰዓት ሰው መፈለግ ደግሞ ሌላ ስራ ነው፣ በጣም የሚቀል ስራ።

ከማን ትጀምሪያለሽ? እኔ ብሆን ከትልቁ ልጅ አስጠኚ ነበር የምጀምረው። ሁለተኛ ክፍል የገባ ልጅ አስጠኚ መቅጠርሽ አይቀርም፣ ብዙው ቤት የሚቀጥረው ደግሞ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ወይ ቅዳሜ ነው፣ ሰራተኛዋ ቤት እያለች ማለት ነው። አንቺ ሰዓቱን ግፊው፣ 11 ይምጣ (ወይ ትምጣ)፣ አንቺ እስክትደርሺ ይቆይ። የኮሌጅ ተማሪዎች ይሄን ይሰራሉ፣ ክፍያው ከተለመደው ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ግን በግልጽ ተነጋገሩ፣ "ታስጠናለህ" ብለሽ ቀጥረሽ የአራት ዓመት ልጅ ሽንት ቤት የሚወስድ ሰው አድርገሽ እንዳታገኚው፣ ስራው ሁለት ልጅ መጠበቅ ጭምር መሆኑን ከመጀመሪያው ይወቅ። ጥናቱ ሳሎን ነው የሚሆነው፣ መኝታ ቤት በር ዘግቶ የሚባል ነገር የለም። የቀድሞ ያስጠናበትን ቤት እናት ስልክ ተቀብለሽ ደውዪላት፣ "እህቴ ነው" "የአክስቴ ልጅ ነው" የሚሉሽን ምስክር ዝለዪ። መታወቂያውን ፎቶ አንሺ፣ ፋይዳም ካለው ፋይዳውን። ቅር ካለው ሌላ ፈልጊ።

ሁለተኛው መንገድ ብሎክሽ ውስጥ ነው ያለው። የእናንተ ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ አይጠፋውም፣ የውሃ መቼ ነው የቆሻሻ ሂሳብ ክፈሉ ምናምን የሚባልበት። እስቲ እዚያ ላይ "ከ11 እስከ 1 ሰዓት ልጅ የሚጠብቅ ሰው የምትፈልጉ አላችሁ?" በይ፣ የሚመጣልሽን መልስ ታያለሽ። ሶስት ቤት ሆናችሁ አንዲት ተመላላሽ ብትቀጥሩ፣ ወይ ጡረታ የወጡ እናት ቤት ልጆቹ ቢሰበሰቡ፣ ሂሳቡ ለሶስት ይከፈላል። ዕጣው የሚወድቀው ግን የማን ቤት ነው የሚለው ላይ ነው፣ ቤቷን የምትሰጠዋ እናት ከክፍያው ነፃ ትሁን፣ መክሰስ ሁሉም ለልጁ በምሳ ዕቃ ይላክ። አደራ፣ ይሄን ጉዳይ "በመተሳሰብ" ብቻ አትጀምሩት። በመተሳሰብ የተጀመረ የልጅ ጥበቃ ጥቅምት ላይ በኩርፊያ ያልቃል፣ ወር በገባ በዚህ ቀን በቴሌብር ይሄን ያህል ተብሎ ሲጀመር ነው ጎረቤትም ጎረቤት ሆኖ የሚቀጥለው።

ዴይ ኬርም አለ። ትምህርት ቤታችሁ ራሱ ከ9 ተኩል በኋላ የሚያቆይ ከሆነ ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ እስከ 11 ወይ 12 ያቆያሉ በተጨማሪ ክፍያ። ሰፈር ውስጥ ያለ ማቆያ ከሆነ ሳትቀጥሪ (ሳትነግሪያቸው ነው የምልሽ) 10 ተኩል ላይ ሂጂና እይው፣ ሁሉም በጠዋት ንፁህ ነው። ፈቃድ አላቸው ወይ፣ አንድ ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች፣ የግቢው በር ይቆለፋል ወይ፣ ልጅ የሚረከበው ማን እንደሆነ ይመዘግባሉ ወይ። ከሰዓት ካሳለፍሽ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉሽም ጠይቂ ያንቺ ትራፊክ ስለሚታወቅ። ልጅ ትኩሳት ካለው አይቀበሉም፣ ስለዚህ ዴይ ኬር ያዝኩ ብለሽ ሌላውን ሰው ሁሉ እንዳታባርሪ።

መስሪያ ቤትሽንም እንዳትረሺ። የፌዴራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ 1064/2010 ላይ የመንግስት መስሪያ ቤቶች የህፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ተደንግጎ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ብዙ መስሪያ ቤቶች ከፍተዋል። ለሚጠባ ልጅ ብቻ ነው ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ፣ ቢሆንም የሰው ሀብት ገብተሽ እስከ ስንት ዓመት ነው የምትቀበሉት ማለት አያስከፍልም። በተለይ የኬጂዋ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ የምትማር ከሆነ ለዚያች ሳምንት ይጠቅምሻል። አዎ፣ ብዙ ትምህርት ቤት አዲስ የኬጂ ልጆችን ለማላመድ መጀመሪያ አካባቢ እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ይሄን ደግሞ የሚነግሩሽ ትምህርት በተከፈተበት ቀን በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው! አሁኑኑ ደውለሽ አጣሪ።

ሰርቪሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ሰርቪስ ይዘናል" ብሎ ማረፍ የለም። ሹፌሩን ሁለት ነገር ጠይቂው፣ ጠዋት ስንተኛ ነው የሚጭናት፣ ከሰዓት ስንተኛ ነው የሚያወርዳት። ጠዋት የመጀመሪያ ተጫኝ ከሆነች 12 ሰዓት ተኩል ላይ በእንቅልፍ ልቧ ታወጫታለሽ፣ ከሰዓት የመጨረሻ ወራጅ ከሆነች ደግሞ መኪና ውስጥ ተኝታ ነው የምትመጣው። ሁለቱም የደረሰባት እንደሆነ ጠዋት አንቺ ወይ አባቷ አድርሳችኋት ከሰዓት ብቻ በሰርቪስ ትመለስ፣ ለመመለሻ ብቻ የሚስማሙ አሉ። ረዳት ሴት አብራ መኖሯን እይ፣ ልጅን ከበር እስከ በር የምታስረክበው እሷ ናት። የአንቺን፣ የባለቤትሽን፣ የሰራተኛዋንና የአስጠኚውን ስልክ ረዳቷ ጋ አስመዝግቢ። ከተዘረዘሩት ሰዎች ውጪ ለማንም፣ ለግቢው ጥበቃም ቢሆን፣ ልጅ እንዳይሰጥ በይ። ጥበቃው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ስራው ግን በር ነው፣ የሰው ሁሉ መኪና ሲገባ ያንቺን የአራት ዓመት ልጅ ዓይኑ ላይ አይዛትም።

የመስቀል ጉዳይ። መስከረም 17 አንቺም ቢሮ አትገቢም ልጆቹም ትምህርት የላቸውም፣ ችግሩ ከፊትና ከኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። ስንት ቀን እንደምትቆይ ቁርጡን ተነጋገሪና ለነዚያ ቀናት የዓመት ፈቃድ ውሰጂ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለተቀየረ አዲሱ ፈቃድሽ ገና አልተነካም፣ ለመስከረም ያልወጣ ፈቃድ ለመቼ ሊወጣ ነው። እና እህቴ፣ ደመወዟን እንዳትይዢባት። "እንድትመለስ ግማሹን ያዝኩባት" የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ደመወዟ የተያዘባት ሰው ስትመለስ የምትመለሰው ብሯን ለመውሰድ ነው፣ ሻንጣዋን በልቧ ሸክፋ። ሙሉውን ስጫት፣ የትራንስፖርት ጨምሪላት፣ ለእናቷ ነጠላም ቢሆን ያዢላት። ስትመለስም የትምህርቷን ነገር በጽሁፍ አድርጉት፣ ስንት ሰዓት ትወጣለች፣ ፈተና ሲሆን ምን ይሆናል፣ እሁድ ዕረፍቷ ነው ወይ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 የቤት ሰራተኛን አይሸፍንም፣ ለነሱ ለብቻው ደንብ ይወጣል ነው የሚለው፣ ስለዚህ በእናንተ መሀል ያለችው አንዲት ወረቀት ብዙ ነገር ትሸከማለች።

አማትሽ ያሏት የ13 ዓመት ልጅ አትመጣም። ይሄን በትህትና ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው። ሀገሪቱ ውስጥ ለስራ ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው፣ ሕጉን ተዪው እንኳ ብንል "እየተማረች ታግዝሻለች" የምትባል ልጅ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ሁላችንም ሰፈራችን ውስጥ አይተናል። ጠዋት ያንቺን ልጆች አልብሳ ሸኝታ እሷ ከሰዓት ፈረቃ ትሄዳለች፣ ከዚያ ትቀራለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ደገመች ይባላል። የ13 ዓመት ልጅ ራሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋታል። አማትሽ ማገዝ ከፈለጉ ለመስቀል ሰሞን ራሳቸው ይምጡልሽ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ያያሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ባለቤትሽ የተነሳው አንድ መስመር ላይ ነው፣ "ፊልድ ይበዛበታል"፣ በቃ። የመስከረም ፊልዱ መቼ እንደሆነ ጠይቀሽዋል? ከመውጣቱ በፊት ነው እንጂ ፕሮግራሙ ከተፈረመ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ አንዱን ሳምንት እሱ ይዞ አንዱን አንቺ ብትይዢ የመስቀሉ ነገር ያለቀለት ነው። የሰራተኛ ነገር የእናት ነገር ነው ብሎ ማን እንደደነገገ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። አባት ነኝ፣ ባለቤቴ ዱባይ ስራ ላይ ናት፣ የ7 ዓመት ልጃችንን የማሳድገው እኔ ነኝ። አንደኛ ክፍል የመንግስት ትምህርት ቤት አስመዝግቤያታለሁ። የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምሰራው ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከልጄ ጋር ለመሆን ፈቃድ መጠየቅ እችላለሁ ወይ? ከዚያ በኋላስ፣ ከትምህርት ቤት እኔ እስክመጣ አንድ ሰዓት ያህል ቤት ዘግታ ብትጠብቀኝ ምን ይመስልሻል? ቁልፍ አንገቷ ላይ አስሬላት። ብልህ ልጅ ናት፣ እናቷም ከዱባይ በቪዲዮ ትከታተላታለች።
አባት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ወንድሜ በርታ፣ ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ አባት ብዙ ጊዜ ለዚህ አምድ አይጽፍም፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል።

ፈቃዱን በተመለከተ ትችላለህ። በአዋጅ 1156/2011 መሰረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሰራተኛ 16 የስራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንተ ከጠየቅህና አሰሪህ ከተስማማ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ ሊወጣልህ ይችላል፣ ስለዚህ አንዱን ክፍል ለመስከረም አድርገው። ለከባድ ድንገተኛ ጉዳይ የሚሰጥ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድም አለ፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፣ እሱን ግን ለትምህርት መክፈቻ አታባክነው፣ ልጅ የታመመች ቀን ይፈለጋል። ማመልከቻህን በጽሁፍ አሁን አስገባ፣ መስከረም 1 ማግስት የምትጠይቅ ከሆነ ግማሹ መስሪያ ቤት ተሰልፎ ነው የምታገኘው። መንግስት ትምህርት ቤት በማስገባትህ ደግሞ አንድ ሸክም ቀሎልሃል፣ አዲስ አበባ ላይ ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ፣ ጠዋት ምሳ ዕቃ መሙላት የለብህም።

ቁልፉን ግን አንገቷ ላይ አታስር። 7 ዓመት ነው እኮ! ብልህነቷን አልጠራጠርም፣ ግን ብልህ ልጅ ናት ስቶቭ ለኩሳ ለአባቷ ሻይ ላፍላ የምትለው። ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ ለመንደሩ ሁሉ እያወጀች ነው የምትሄደው። እናቷ በቪዲዮ መከታተሏ ጥሩ ነው፣ ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሚቀድም ሰዓቱም ይመቻል፣ ነገር ግን ካርድ ሲያልቅ ኔትወርክ ሲሄድ ስልኩ ጥቁር ይሆናል፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣም ከዱባይ ሆኖ በር አይያዝም። አንድ ሰዓት ከሆነ የሚጎድልህ የክፍል ጓደኛዋን እናት ፈልግ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፈቃድህን የምትጠቀምበት አንዱ ነገር ይሄ ይሁን፣ በር ላይ ቆመህ በናንተ አቅጣጫ የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ እይ፣ ሰላም በላቸው፣ አንድ ሁለቷን እወቅ። አባቶች በር ላይ ስልክ እያዩ ስለሚቆሙ እናቶቹ የሚያወሩትን ሁሉ ያልፋቸዋል። ለተባበረችህ እናት በየወሩ የምትሰጠው ነገር ይኑር፣ ቅዳሜ ደግሞ የሷን ልጅ አንተ ይዘህ ዋል። የአንተን ስልክ ቁጥርም በቃሏ አስጠናት፣ ደብተር ላይ መጻፉ አይበቃም፣ ደብተር ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለሽ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ልጄ ካዛንቺስ ስትኖር ልጆቹን አልፎ አልፎ ታመጣቸው ነበር፣ አሁን ሰፈሬ ተከራይታ ገብታለች። መስከረም ሲገባ ከሰኞ እስከ ዓርብ "እማዬ ጋ ይሆናሉ" ብላ ለጓደኛዋ በስልክ ስትናገር ሰማኋት፣ እኔን ግን አልጠየቀችኝም። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ጉልበቴ ግን ፎቅ አያስወጣኝም፣ ቤተ ክርስቲያንም አለኝ ማህበርም አለኝ። እምቢ ብል ትቀየመኛለች፣ እሺ ብል አልችልም።
እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ እናቴ እንደምን ነዎት፣ ጉልበትዎን እግዜር ይማርልዎ። ልጅዎ ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ ሰው እናቱን እንደ ግድግዳ ነው የሚቆጥረው፣ ሁሌ የሚኖር የሚመስለውን ነገር አይጠይቅም። እሺም እምቢም አይበሏት፣ ቀን ይቁረጡላት። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፣ አስቀድሰው ሲወጡ ልጆቹ ከትምህርት የሚለቀቁበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ቀን ወጣ። "ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሹን እይዛቸዋለሁ፣ ሌላውን ቀን ሰው ፈልጊ" ይበሏት፣ ሶስቱም ከበዛብዎ ሁለት ያድርጉት። ልጆቹ እርስዎ ጋ ይምጡ እንጂ እርስዎ የሷን ፎቅ አይውጡ። መክሰሳቸውን እሷ ትላክ፣ ከጡረታዎ ላይ ብስኩትና ጁስ እንዳይገዙ። ከሰርቪስ ወርደው የሚቀበላቸው ሌላ ሰው ይሁን፣ አስፋልት ዳር የሚሮጥ ልጅ እርስዎ አይደርሱበትም። የማህበር ቀን ሲሆን ደግሞ ከሳምንት በፊት ይንገሯት፣ ሰበብ ይሁን ብለው ሳይሆን እሷም ከስራዋ እንድትዘጋጅ።

ይሄን ከመስከረም በፊት ነው የሚነግሯት፣ ክፍያ ከፍላ ሰርቪሱን በእርስዎ አድራሻ ካስመዘገበች በኋላ ቢነግሯት ያኔ ነው የምትቀየመው። ለመናገር ከከበደዎት ይህችን የምትጽፍልዎትን የልጅ ልጅ ይላኳት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ባላውቅም ፊደሏ ደስ ይላል፣ ከክርክሩም አታፈገፍግም መሰለኝ።